ከሰላምታው በኋላ የሚመጣው

እኔ «ደህና» የሚለውን ቃል ጠልቻለሁ። ከልቤ ነው የምላችሁ። ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ «ደህና ነሽ?» ሲለኝ ጥርሴን ነክሼ ነው የማልፈው። የገበያው ሰዎች «ይቺ ሴትዮ ደግሞ ምን ነካት?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ይበሉ።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። አባቴ እናቴ ካረፈች ወዲህ ጎባ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። እኔ ደግሞ ሮቤ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ አለኝ። ከሮቤ ጎባ ሚኒባሱ ቶሎ ከሞላ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ግን ሱቅ የያዘ ሰው ሃያ ደቂቃ ከየት ያመጣል? ስለዚህ እደውላለሁ። በየቀኑ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ጨርቁን እያወጣሁ ስሰቅል፣ ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሀል ቀርቅሬ።

«ደህና አደሩ አባዬ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆቹስ?»

«ሁሉም ደህና ናቸው። ቁርስ በሉ?»

«በላሁ፣ በላሁ።»

«በሉ ደህና ይዋሉ።»

ይኸው ነው። ሰው «አባትሽን ትጠይቂያቸዋለሽ?» ሲለኝ «ምን ነካሽ፣ በየቀኑ እናወራለን እኮ!» እል ነበር። እናወራለን! አፈር ልብላ።

አባቴ ጎባ መዝገብ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። አያቴ ከሰሜን መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ አባቴ ግን ባሌ ተወልደው ባሌ ያረጁ። አማርኛቸው የደብዳቤ አማርኛ ነው። እኛን ልጆቻቸውን እንኳን ሲቆጡ «ይህ ጉዳይ እንዳይደገም» ነበር የሚሉት። በኦሮምኛ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ከአጥሩ ማዶ ከሚኖሩት ጓደኛቸው ጋር ሲጫወቱ ይስቃሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ጉልበታቸውን በእጃቸው ይመታሉ። ልጅ ሆኜ በአጥሩ ቀዳዳ አያቸውና ይሄ ሰውዬ ማነው እል ነበር። ለእኛ ያልሰጡን ሳቅ ነበራቸው። ቀናሁ እንጂ ምን አደርጋለሁ።

ጓደኛቸውን ሰው ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው። ድሮ ከብድሬ ከብት እያመጡ ይነግዱ ነበር። አሁን አርጅተው ከአባቴ ጋር ፀሐይ ይሞቃሉ። የሐጂ ሰላምታ ረጅም ነው። «አከም ጂርታ? ነጋዻ? ፈያዻ?» ይሉና ሰላሙንና ጤናውን ከጠየቁ በኋላ ወደ ልጆቹ ይሄዳሉ፣ ከልጆቹ ወደ ባል፣ ከባል ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ ዝናቡ። እኔ አንዲት ላም የለኝም፣ ከብቶቹም ደህና መሆናቸውን ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዱ «ነጋ፣ ገለተ ረቢ» ማለት አለብሽ፤ ሰላም ነው፣ ፈጣሪ ይመስገን። ኦሮምኛውን ከአፌ መፍቻ እኩል ነው የማውቀው፣ ከደንበኞቼ ግማሾቹ በሱ ነው የሚገዙኝ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ይሄ ሰላምታ ያሰለቸኛል። እየመተርኩ ነው የምመልሰው። አንዳንዴ ሰውየው ሳይጠይቀኝ በፊት መልሱን ጨርሼ እቆየዋለሁ። ደንበኞቼ ይስቁብኛል፤ «ይቺ ሴት ሰላምታም በሜትር ነው የምትሸጠው» ይሉኛል።

አንድ የገበያ ቀን ሐጂ ደወሉ። ሱቁ ጢም ብሏል። ከገሰራ የመጡ ሦስት ሴቶች ለሠርግ ጨርቅ አስወርደውኝ አስወርደውኝ ትከሻዬ ሊገነጠል ደርሷል። ሐጂ ጀመሩ። ነጋዻ? ነጋ። ፈያዻ? ፈያ። ልጆቹ? ነጋ። እዚያስ፣ እናንተ ሰፈርስ? አልኳቸው እኔም ለወጉ። «ነጋ፣ ገለተ ረቢ» አሉ። ከሴቶቹ አንዷ ጨርቁን በእጇ እያሸች «ይሄ ይለቃል?» ትለኛለች። ሐጂ ስለ ዝናቡ መጡ። ዝናቡም ደህና ነው አልኩ። ትንሽ ዝም አሉ። በቃ፣ ሰላም ሊሉኝ ነው የደወሉት ብዬ «በሉ ሐጂ፣ ነጋቲ» አልኩና ዘጋሁት። ደህና ይሁኑ ማለቴ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሐጂ ራሳቸው ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ብትራቸውን ይዘው፣ ከሚኒባስ ወርደው፣ አቧራ በአቧራ ሆነው። ዓመት ሙሉ ሮቤ መጥተው አያውቁም። «ሐጂ ምን ሆኑ? አባዬ ምን ሆኑ?» ብዬ ዘልዬ ወጣሁ። ታዲያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «አከም ጂርታ፣ ኢንተለ ኮ? ነጋዻ?»

ልጄ፣ እንዴት ነሽ፣ ሰላም ነው? እኔ ምን ልበል? «ነጋ» አልኩ። ልጆቹስ? ነጋ። ልጮህ ነው። ጨርቄን ጥዬ ልሮጥ ነው። ሽማግሌው ግን አንዱንም ሳይዘሉ ጨረሱ። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጡና «አባትሽ እህል አይወርድለትም» አሉኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«በረመዳን ለማፍጠሪያ ጠርተነው ከሾርባው በቀር አልነካም። የእናንተ ጾም ላይ ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ግን አየሁት። ዳቦ ወተት ውስጥ ነክሮም አልወርድ አለው። የምትልኪውን ምግብ ለእኛ ልጆች ነው የሚሰጠው።»

ረመዳን ካለፈ አምስት ወር ሆኖታል። አምስት ወር ሙሉ «በላሁ፣ በላሁ» ሲሉኝ ነበር።

«ታዲያ ምነው አይነግሩኝም ሐጂ?» ብዬ ጮህኩባቸው። ሽማግሌ ላይ ጮህኩ፣ ይቅር ይበለኝ።

«ደወልኩልሽ እኮ» አሉ፣ ምንም ሳይቆጡ። «ዘጋሽው።»

«ገና ሳነሳው ነበር መናገር!»

እንደ ጉድ አዩኝ። «ሰላምታው ሳያልቅ ክፉ ወሬ ይወራል እንዴ?» አሉ። «ሰላምታው ሲያልቅ ልነግርሽ ነበር። አንቺ ዘጋሽው።»

ሱቁን ዘግቼ አብረን ጎባ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ሐጂ ዱዓ ያደርጋሉ፣ እኔ ራሴን እረግማለሁ። አባቴ በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። የለበሱት ኮት የሌላ ሰው መሰለኝ። አንገታቸው ቀጥኖ የሸሚዛቸው ኮሌታ ሰፍቷል። ባለፈው ወር መጥቼ አይቻቸዋለሁ እኮ! አይቻቸዋለሁ፣ ጋቢ ደርበው ነበር፣ እኔም ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ቆሜ ነበር።

«ደህና ነሽ?» አሉኝ። ድምፃቸው ሻክሯል። ጉንፋን ነው ብለውኝ ነበር በስልክ።

ሆስፒታል ወሰድናቸው። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት ልጅ። ወንበር ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ «አባባ፣ ምን ይሰማዎታል?» አላቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«ሕመም አለዎት?»

«ኧረ ምንም።»

«ምግብ ይበላሉ?»

«እበላለሁ።»

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። «አባዬ! በሞቴ እውነቱን ይናገሩ! እህል አይወርድልዎትም እኮ! አመመኝ ይበሉ፣ ምን አለበት፣ አንዴ እንኳን አመመኝ ይበሉ!» እያልኩ አለቀስኩ፣ ጮህኩ፣ ጠረጴዛውን መታሁ። አባቴ አቀርቅረው ኮፍያቸውን በእጃቸው ያዞራሉ። እዚያው ቁጭ ብዬ አንድ ነገር ገባኝና ደነገጥኩ። እሺ ብለው ሊነግሩን ቢፈልጉስ በምን ቃል ይነግሩናል? አባቴ በአማርኛ «አመመኝ» ብለው አያውቁም። እናቴ በሞተችበት ቀን እንኳን የተናገሩት ስለ ድንኳኑና ስለ ለቀስተኛው ነበር። ያ አማርኛ አባት የሚሆኑበት ነው፣ መዝገብ የሚይዙበት ነው። ሲያማቸው የሚናገሩበት ቦታ የለውም።

ሐኪሙ ቀስ ብሎ «እህቴ፣ እስቲ ትንሽ ውጪ ቆዪልኝ» አለኝ። እኔ ወጣሁ፣ ሐጂ ገቡ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ግድግዳውን ተደግፌ ሁሉንም እሰማለሁ።

ሐጂ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ሰላምታ ጀመሩ። አብረው መጥተው፣ አንድ ሚኒባስ ወንበር ላይ ተጣብቀው ተቀምጠው፣ እንደ አዲስ! እንዴት ነህ፣ ሰላም ነህ? ሰላም ነው። ጤናህስ? ደህና ነው። ቤትህስ? የጓሮህ ጎመንስ? ጉልበትህስ፣ ያ የድሮው? ልጅህስ? የልጅ ልጆችህስ? አባቴ አንድ በአንድ ይመልሳሉ፣ ሰላም፣ ሰላም፣ ፈጣሪ ይመስገን። ሐኪሙም ኦሮምኛ ያውቃል መሰለኝ፣ አላቋረጣቸውም። እኔ ከውጪ «ኧረ ጨርሱ!» እያልኩ ጥፍሬን እበላለሁ። ሐጂ የሚጠይቁት አለቀ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ ብሆን ስንት ጊዜ ዘግቼው ነበር።

ከዚያ አባቴ «ነ ዹኩበ» አሉ።

ያመኛል ማለታቸው ነው። ይህን ቃል ገበያ ውስጥ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ከአባቴ አፍ ሲወጣ ግን ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያማ ተከታተለ። እዚህ ጋ፣ ደረቴ መሀል፣ ይቃጠላል። እህሉ ቆሞ ይቀራል፣ ተመልሶ ይመጣል። ሌሊት አልተኛም። ቀበቶዬን ሦስቴ በሳሁት። ሐኪሙ ይጽፋል። ሐጂ «እሽ፣ እሽ» ይላሉ። ከዚያ ሐጂ ጠየቁ፤ ለልጅህ ነግረሃታል?

«ልነግራት ስል ትዘጋዋለች» አሉ አባቴ። «ሥራ ይበዛባታል። ይቺ ልጅ ትደክማለች።»

እንደ መውቀስም አላሉት። እንደ ማዘን ነው፣ ለእኔ እንደ ማዘን። አንጀቴ ተቆረጠ። እዚያ ኮሪደር ላይ መሬቱ ተከፍቶ በዋጠኝ ብዬ ነበር።

ምርመራው ተደረገ፣ ናሙናው ሄዶ ተመለሰ። ሐኪሙ ለብቻዬ አስቀመጠኝ። የምግብ ቧንቧቸው ላይ ዕጢ አለ፣ ካንሰር ነው፣ ቆይቷል፣ ተሠራጭቷል። መሻከሩም ጉንፋን አይደለም፤ ዕጢው የድምፃቸውን ነርቭ ነክቶታል። «ድምፃቸው እየደከመ ይሄዳል፣ ሙሉ በሙሉ ሊጠፋም ይችላል። የሚነግሩሽ፣ የምትነግሪያቸውም ነገር ካለ አሁን ነው» አለኝ። እጃቸው ከተንቀጠቀጠ ዓመታት አልፈዋል፣ ጡረታቸውን እንኳን በጣት አሻራ ነው የሚወስዱት። ስለዚህ መጻፍም የለም። ድምፃቸው ሲሄድ ሁሉም ሄደ ማለት ነው።

እኔ ታዲያ ምን ብል ጥሩ ነው? «ለእሳቸው እንዳይነገር» አልኩት። ሰው ሁሉ እንደሚለው፣ ሳላስብ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ገባሁና «አባዬ፣ ደህና ነው፣ ትንሽ ቁስለት ነው አሉ፣ በመድኃኒት ይድናል» አልኳቸው። በሩ ስር ያን ሁሉ ሰምቼ፣ ያን ሁሉ አልቅሼ፣ ገብቼ የተናገርኩት እሱን ነው። አባቴ ትንሽ አዩኝና «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ።

ሮቤ እኔ ቤት አመጣኋቸው። ሐኪሙ የሰጠኝ ጊዜ እጄ ላይ እየቀለጠ መሆኑን አውቃለሁ። ጠዋት የነበረው ድምፅ ማታ አይኖርም፣ የሰኞው አርብ ላይ ግማሽ ነው። በየቀኑ ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ዛሬ እጠይቃቸዋለሁ እላለሁ። ሾርባ ይዤ እገባለሁ። «እንዴት ነዎት?» «ደህና።» እወጣለሁ። ኩሽና ገብቼ አፌን በነጠላ አፍኜ አለቅሳለሁ። ጠያቂው ደግሞ ይመጣል። «እግዜር ይማርዎ፣ ፊትዎ እኮ መለስ ብሏል!» ይላቸዋል አንዱ። «አላህ ያሽርዎት፣ ደህና ሆነዋል እኮ!» ይላል ሌላው። አጥንታቸው ቀርቶ፣ ቆዳቸው ተንጠልጥሎ፣ ደህና ሆነዋል! አንዷን በር ላይ አንቄ ልይዛት ምንም አልቀረኝ። ግን እኔስ ከሷ በምን እሻላለሁ?

አንድ ቀን ብልጥ የሆንኩ መሰለኝና በኦሮምኛ ሞከርኩ። እንደ ሐጂ አድርጌ ነጋዻ፣ ፈያዻ ብዬ ጀመርኩ። አባቴ ቤት ተሳስቼ የገባሁ ይመስል አዩኝ። «ምነው?» አሉኝ በአማርኛ። «እኔና አንቺ እንዲህ አናወራም እኮ።» እውነታቸውን ነው። ቋንቋውማ የእኔም ነው፣ በእሱ ገዝቻለሁ፣ ሸጫለሁ፣ ተሳድቤአለሁ። ግን በእኔና በእሳቸው መሀል ያለው መንገድ እሱ አይደለም። በሐጂ መንገድ ልገባ ፈለግሁ፤ ያ መንገድ የሐጂ ነው፣ ሃምሳ ዓመት ሄደውበታል። የእኔ መንገድ ይቺ ደረቅ አማርኛ ናት፤ እሷኑ ነው ማስረዘም ያለብኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቼ መጣሁ። ስልኬን አጥፍቼ ኩሽና ተውኩት። ወንበር ስቤ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ፣ ነጠላዬንም አወለቅሁ፤ ካላወለቅሁ እግሬ መውጣት ነው የሚያስበው።

«እንዴት ዋሉ አባዬ?»

«ደህና» አሉ። ድምፃቸው የወረቀት ኮሽታ ያህል ነው፤ ጎንበስ ካላልኩ አልሰማም።

«ወገብዎትስ?»

«ደህና።»

«እግርዎትስ? ይበርደዎታል?»

«ሞቋል።»

«ጎባ ናፈቀዎት?»

«ናፈቀኝ።»

«ሐጂስ?»

«እሱ ከብት ነው» አሉና ፈገግ አሉ። እኔም ሳቅሁ። ስለ ጓሮው ጠየቅሁ፣ ስለ አጥሩ፣ ስለ እናቴ መቃብር፣ ስለ ልጆቼ ትምህርት፣ ስለ ዝናቡ። አልቸኮልኩም። በሕይወቴ እንደዚያ ሳልቸኩል ሰው ጠይቄ አላውቅም። የምጠይቀው አለቀ። ዝም አልኩ። «በሉ ይረፉ» የሚለው ምላሴ ላይ መጥቶ ቆሟል፣ ጥርሴን ገጥሜ ያዝኩት።

ግድግዳውን እያዩ «ፈራሁ» አሉ።

አባቴ ናቸው እንዲህ ያሉት። «አይዞዎት» ልል አፌን ከፈትኩ። ደግሞ አይዞዎት ምንድን ነው? ያም በር መዝጊያ ነው። ዋጥኩት። እጃቸውን ያዝኩ፣ እጃቸው ቀዝቅዟል፣ ዝም አልኩ። ዝም በማለቴ ኮራሁ፣ በመጨረሻ ተማርኩ ብዬ።

ከዚያ ጭንቅላታቸውን ትራሱ ላይ ቀስ አድርገው አዞሩና አዩኝ። ትንፋሻቸውን አጠራቅመው፣ ቆመው፣ እንደገና አጠራቅመው «አንቺስ?» አሉኝ። «አንቺስ እንዴት ነሽ?»

ለወጉ አልነበረም የጠየቁኝ። ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነው። ምን እንደምላቸው አውቅ ነበር፤ ቁስለት አይደለም አባዬ፣ ዋሽቼዎታለሁ፣ እኔም በፍርሃት እየሞትኩ ነው፣ ለእነዚያ ጠዋቶች ሁሉ ይቅር ይበሉኝ። ሁሉም ደረቴ ውስጥ ተደርድሮ ነበር።

«ደህና ነኝ» አልኩ። «ደህና ነኝ አባዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ትንሽ ጠበቁኝ። ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ጠበቁኝ። ከዚያ ጨፈኑት።

በማግስቱ ጠዋት ውሃ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱ፣ ድምፅ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ቆዩ። በየቀኑ ጆሯቸው ስር ተደፍቼ «ደህና አይደለሁም አባዬ፣ ደህና አይደለሁም» አልኳቸው። አንዳንዴ እጄን ጨበጥ ያደረጉ ይመስለኛል፤ ሰምተውኝ ይሁን ወይ አሟቸው ይሁን አላውቅም።